ከተምቤን እስከ አባ ገሪማ፦ በራስ አሉላ መንገድ

የራስ አሉላ እንግዳን የትውልድ አገርና መቃብር ለማየት ከአዲስ አበባ የተነሣሁት በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር ነበር። እስከ መቀሌ ስላለው በረራ፣ አውሮፕላን ማረፊያው በፈረስ ስማቸው አሉላ አባ ነጋ ተብሎ ከመጠራቱ በቀር የምጽፈው የለኝም። የምጽፈው የሚጀምረው መናኸሪያው ውስጥ ነው፤ ወደ ዓብይ ዓዲ የሚሄደው ሚኒባስ ረዳት «ሞልቷል፣ ልንወጣ ነው» እያለ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት አስቀመጠን። መጠበቅ ከማይወዱ ሰዎች አንዱ ስለሆንሁ ያ ጠዋት ረዘመብኝ። ይባስ ብሎ በጉልበቴ ላይ ለያዝኋት አንዲት ቦርሳ 50 ብር የዕቃ አስከፈለኝ። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት ሁለት ጆንያ አስጭነው 20 ብር ሲከፍሉ አይቻለሁ። ሴትዮዋም ይህን አላጡትም፤ ረዳቱን በትግርኛ ጠርተው ሲቆጡት፣ አንገቱን ደፍቶ 30 ብር መለሰልኝ። «አደይ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ አመሰገንኋቸው፤ እሳቸው ግን የልጁን አስተዳደግ መውቀሳቸውን እስከ ሀገረ ሰላም አላቆሙም።

ሀገረ ሰላም ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ ከእርሷ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላ ተምቤን ይወርዳል። ራስ አሉላ በ1839 ዓ.ም. ገደማ የተወለዱት በዚሁ በተምቤን፣ መነወ በምትባል መንደር፣ ከገበሬ ቤት ነው። ሹመት በዘርና በጋብቻ በሚቆጠርበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በመጀመሪያ የራስ አርአያ ድምፁ፣ ቀጥሎም የደጃዝማች ካሣ ምርጫ አገልጋይ ሆነው ሠሩ። ካሣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ከነገሡ በኋላ የግብፅ ጦር በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ ሲሸነፍ አሉላ በሁለቱም ውጊያዎች ስማቸው ወጣ፤ በማግስቱ ዓመት ራስ ተብለው የመረብ ምላሽ፣ ማለት ከመረብ ወንዝ ማዶ ያለው የዛሬው የኤርትራ ደጋ፣ ገዥ ሆኑ። መሳፍንቱ ይህን ሹመት በልባቸው የተቀበሉት አይመስለኝም፤ ኋላ የደረሰባቸውን ሁሉ ሳስበው ሥሩ እዚህ ላይ ይታየኛል።

ዓብይ ዓዲ ስደርስ ሙቀቱ ኮቴን አስወለቀኝ። አልጋው 200 ብር ነበር፤ ለዋጋው ንጹሕ ነው ልል ስል ከማታው ሦስት ሰዓት ጀምሮ ከጓሮው በኩል ከበሮ ተነሣ። ወሩ ጥር ነውና ሠርግ ነበር። የተምቤን ሰው አውሪስ ሲጨፍር መሬቱ አብሮት ይጨፍራል፤ አልጋዬም ጨፈረ። እኔ ያደግሁባት ሸዋ ውስጥ የሠርግ ዘፈን እኩለ ሌሊት ሲሆን ሽማግሌ ተነሥቶ ይገታዋል፤ እዚህ ግን መስኮቱን ከፍቼ ባይ ከበሮውን የያዙት ራሳቸው ሽማግሌዎቹ ናቸው። ተናድጄ ወጣሁና፣ አንድ ጎልማሳ «ና ግባ፣ እንግዳ ውጭ አይቆምም» ብሎ በእጄ ብርሌ ሲያስይዘኝ ንዴቴን የማን ላድርገው? የተምቤን ማር ዝናው እውነት መሆኑን በጠጁ አረጋገጥሁ። ከዓብይ ዓዲ እስከ አድዋ ያለውን መንገድ፣ የወርዒን ወንዝ ጨምሮ፣ በእንቅልፍ አለፍሁት።

ከአድዋ ወደ አባ ገሪማ ገዳም የሚወስደኝ ባጃጅ ደርሶ መልስ 300 ብር ተዋዋለ። ገዳሙ ለሴቶች ክልክል ነው፤ ብዙ ጎብኝ የሚመጣውም እጅግ ጥንታዊ ለሆነው የብራና ወንጌሉ ነው። እኔ የመጣሁት ለመቃብሩ መሆኑን ስነግራቸው አንድ አረጋዊ መነኩሴ ፊታቸው በራ፤ ጫማዬን አስወልቀው፣ መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ ከፊቴ ሄዱ። መቃብሩ ከጠበቅሁት እጅግ ያነሰ ነው። «አባ፣ ለእንዲህ ያለ ሰው ይህ አይበቃም» ብላቸው፣ «ያረፉት ከጻድቅ ደጅ ነው፤ ከዚህ ሌላ ምን ትሻላቸዋለህ?» አሉኝ። እሳቸው መነኩሴ ናቸው፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

ያልተዋጠልኝ ሰውየው የሠሩትን ስለማስብ ነው። በ1876 ዓ.ም. በዚህችው በአድዋ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በተፈረመው ውል አፄ ዮሐንስ ሱዳን ውስጥ በመሐዲስቶች፣ ማለት በመሐዲ ተከታዮች፣ ለተከበበው የግብፅ ጦር መውጫ እንዲሰጡ ተስማምተው ነበር፤ ራስ አሉላም በዚሁ ቃል መሠረት ዘምተው በመስከረም 1878 ኩፊት ላይ መሐዲስቶችን አሸነፉ። እንግሊዝ ግን ከዚያ ከወራት በፊት ጣሊያን ምጽዋን ሲይዝ ዝም ብላ አይታለች። ጣሊያኖቹ ከምጽዋ ወጥተው ሰሓጢ ሲመሽጉ፣ ራስ አሉላ በጥር 1879 ምሽጉን ወግተው ሳይሰብሩት ተመለሱ። በማግስቱ ግን ምሽጉን ትተው መንገዱን ያዙ፤ ለእርዳታ ይመጣ የነበረውን፣ በሌተና ኮሎኔል ዴ ክሪስቶፎሪስ የሚመራውን አምስት መቶ ያህል ጦር ዶጋሊ ላይ ከበው ፈጁት። የጦር አዋቂነታቸው ለእኔ የሚታየኝ ከጀግንነታቸው ይልቅ በዚህች የአንድ ሌሊት ውሳኔ ነው። ሮም ውስጥ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ እስከ ዛሬ በእነዚያ አምስት መቶዎች ስም ይጠራል።

በመጋቢት 1881 አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ ራስ አሉላ ጌታም ግዛትም አጡ። ለአፄው ልጅ ለራስ መንገሻ ታመኑ፤ በ1886 ዓ.ም. አብረዋቸው አዲስ አበባ መጥተው ለዳግማዊ ምኒልክ ገቡ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ደግሞ አድዋ ላይ ዶጋሊ የጀመሩትን ጨረሱ። እኛ ሸዋ ያደግን ሰዎች ያን ቀን ከእንጦጦ ጀምረን ስለምንቆጥር፣ ጣሊያንን ከዘጠኝ ዓመት በፊት የመታውን ሰው ከተከታዮቹ ተራ እናሰልፈዋለን። ከድሉ በኋላ ዓመት ሳይሞላ ከተምቤኑ ራስ ሐጎስ ጋር ተጣልተው ተዋጉ። ሐጎስ ሞቱ፤ ራስ አሉላም በዚያው ውጊያ በደረሰባቸው ቁስል በየካቲት 1889 አረፉ። ግብፅ፣ መሐዲስትና ጣሊያን ያልገደላቸውን ሰው የገደለው የገዛ አገራቸው ሰው ነው። መነኩሴው ስለ ሐጎስ ስጠይቃቸው ወሬውን ወደ ወንጌሉ መለሱት።

የባጃጁ ልጅ ስመለስ «ብዙ አስጠበቅኸኝ» ብሎ 100 ብር ጨመረብኝ። መጠበቅ ምን እንደሆነ ስለማውቅ 50 ሰጠሁት። ከአድዋ ወደ ሰሜን፣ መረብን ተሻግሬ፣ ዋና ከተማቸው ያደረጓትን አስመራንና ዶጋሊን ማየት አምሮኝ ነበር፤ ነገር ግን ከእሳቸው የጦር ሕይወት ትልቁን ድርሻ የያዘው አገር ያኔ ከተዘጋ ድንበር ማዶ ነበር። ስለዚህ የአክሱም ትኬት ቆረጥሁ።