የ16 ዓመቱ ላጋቩሊን
ቅዳሜ ማታ ፒያሳ፣ ወዳጄ ቤት፣ የ16 ዓመቱን ላጋቩሊን ቀመስን። ከስኮትላንድ አይላ ደሴት የሚመጣው ይህ ሲንግል ሞልት ውስኪ ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በአንድ ማምረቻ፣ በመዳብ ዕቃ ሁለት ጊዜ ተነጥሮ የሚወጣ ሲሆን፣ ብቅሉ ፒት በሚባለው የረግረግ አፈር ጭስ ስለሚታጠን ገና ወደ አፍንጫ ሲቀርብ በወይራ የታጠነ የጠላ ጋን ያስታውሳል። በረዶ መዓዛውን ስለሚያፍነው አልጨመርንም፤ የአልኮል መጠኑ 43 በመቶ በመሆኑ ግን ጥቂት የውሃ ጠብታ ሲገባበት ማቃጠሉ ለዘብ ብሎ፣ ከጭሱ ሥር የዘቢብ ጣፋጭነትና ጨው ጨው የሚል ጣዕም ብቅ አለ፤ እጅግ ደስ ይላል። በጠርሙሱ ላይ የሰፈረው ዕድሜ በኦክ በርሜል ውስጥ ያለፈውን ጊዜ ብቻ የሚያመለክት በመሆኑ፣ ጠርሙሱን ለዓመታት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ማኖር ውስኪውን አያስረጀውም፤ እኔ በበኩሌ ከወዳጅ ጋር ተከፍቶ በዝግታ ቢጠጣ እመርጣለሁ።