የጠፉት ደም ስሮች

የመጀመሪያዎቹን ምስሎች ጎን ለጎን ሳያቸው ልቤ ዘለለች። የጤነኞቹ ሬቲና (ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) ላይ ደም ስሮቹ እንደ ሸረሪት ድር ጥቅጥቅ ብለዋል። የመልቲፕል ስክለሮሲስ ታካሚዎቹ ላይ ግን ሳስተዋል፣ እዚህም እዚያም ተቆራርጠዋል። "አገኘነው!" አልኩ። ቸኩዬ ነበር።

መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ባጭሩ ኤም ኤስ፣ የሰውነት መከላከያ የገዛ ነርቮቹን ልባስ፣ ማይሊንን፣ የሚያጠቃበት በሽታ ነው። የዓይን ነርቭም አያመልጥም። ነርቩ ከኋላ ሲጎዳ የሬቲና ሴሎች ቀስ በቀስ ይሞታሉ፣ ሬቲናውም ይሳሳል። ይህን በኦሲቲ፣ ሬቲናን በብርሃን ንብርብር በንብርብር በሚያነሳ መሣሪያ፣ መለካት የቆየ ሥራ ነው፤ መሣሪያው ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የሚታወቅ ነው። እኛ የፈለግነው ደም ስሮቹን ነበር። ኦሲቲ አንጂዮግራፊ፣ ደም ስር የሚያሳየው የኦሲቲ ዘዴ፣ ክንድ ላይ ቀለም መውጋት አይፈልግም። ያንኑ ቦታ በብርሃን ደጋግሞ ያነሳና ከምስል ምስል የተለወጠውን ይፈልጋል። ሌላው ሁሉ ቆሞ የሚንቀሳቀሰው የደም ሴል ብቻ ስለሆነ፣ የተለወጠበት ቦታ ደም ስር ነው ማለት ነው። ዓይኑ ራሱ ካልተንቀሳቀሰ!

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ከታካሚዎቹ አንዳንዶቹ ዓይናቸው ሳይፈልጉ ይርገበገባል። አንዲት ሴትዮ አገጯን አስደግፋ፣ ግንባሯን ለጥፋ፣ አንዴም ሳታማርር ተቀመጠች። ምስሉ ግን በነጭ መስመር ተሸነታትሮ ይወጣል። በአራተኛው ሙከራ ነው መሣሪያው ውስጥ የምታየው መብራት እንደሌለ የነገረችኝ። በዚያ ዓይኗ የዓይን ነርቭ ብግነት ታማ ነበር፣ መሃሉ አይታያትም። እኔ ደግሞ "መብራቱን እዪ" እያልኩ ስጨቀጭቃት ነበር። ሳልጠይቃት! ከዚያ ወዲህ በደህናው ዓይን ከመሣሪያው ውጭ ያለ መብራት እንዲያዩ አደርጋለሁ።

ተመልሼ ሁሉንም ምስል አንድ በአንድ አየሁ። የታካሚዎቹ ሲግናል፣ ከዓይናቸው ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን፣ በአብዛኛው ደካማ ነው። ሲግናል ሲደክም ቀጫጭኖቹ ስሮች ከምስሉ ይጠፋሉ፣ ኮምፒውተሩም "ደም ስር ቀንሷል" ይላል። መጥፎዎቹን ስናወጣ ልዩነቱ ጠበበ። አልጠፋም ግን፤ በተለይ ብግነት ታመው የነበሩት ዓይኖች ላይ ላይኛው የደም ስር መረብ አሁንም ሳስቷል። ሬቲናውም እዚያው ሳስቷል። ደም ስለቀነሰ ነው ሴሉ የሞተው ወይስ ሴሉ ስለሞተ ደም የሚፈልግ ጠፋ? አንድ ቀን የተነሳ ምስል ይህን አይመልስም።

ሌላው ትናንሽ ነገር ነው፣ ዋጋ ያስከፈለኝ ግን እሱ ነው። ከማንሳቴ በፊት ዓይን ማርጠቢያ ጠብታ፣ ብልጭ ብልጭ፣ ከዚያ ጸጥ። ድካም ሳይመጣ የታመመው ዓይን ይቅደም። ክፍሉ ቀዝቀዝ ይበል፣ ሙቀት የብዙዎቹን እይታ ለጊዜው ያደበዝዛል። የምስሉን ጥራት የሚፈርድ ሰው የማን እንደሆነ አይወቅ። የአንድ ሰው ሁለት ዓይን እንደ ሁለት ሰው አይቆጠር። ቡናም አለ፦ እንግዳ መጣ ብዬ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ እጋብዝ ነበር፣ ካፌይን ደም ስር እንደሚያጠብ እያወቅኩ። የሐበሻ ነገር።

ሴትዮዋ ቆይታ ተመለሰች። በግራ ዓይኗ የውጩን መብራት እያየች ቀኙን አነሳሁት፣ በሁለተኛው ሙከራ ጥርት ብሎ መጣ። የድሮውን ምስል አጠገቡ ከፈትኩት። ተቆርጧል ብዬ በቀይ ያከበብኩት ስር ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ አልፏል።