ስምንት ወር ባልዲ ላይ

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ባለፈው ስጽፍላችሁ ገና ኳስ መቅለብ እየተለማመድኩ ነበር። አሁን ስምንት ወር ሞላኝ። ለአዲሶቻችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ አስራ አንድ ዓመቱ ነው። ቤዝቦል ወድዶ ፒቸር (ለመቺው ኳስ የሚወረውረው ተጫዋች) ካልሆንኩ አለ። አባቱ የሚሠራው ማታ ማታ ስለሆነ ቀላቢው እኔ ሆንኩ። ባልዲ ገልብጬ እቀመጣለሁ፣ እሱ ይወረውራል።

ከቅለባው ልጀምር። መጀመሪያ ላይ ኳሱ ሲመጣ ዓይኔን እጨፍን ነበር። ያስተወኝ አንድ ቀላል ነገር ነው። ኳሱ ከሆድ በላይ ከመጣ የጓንቱ ጣቶች ወደ ላይ፣ ከሆድ በታች ከመጣ ወደ ታች። እጄ ይህን ሲለምድ ፍርሃቱም ለቀቀኝ። ሌላው፣ ኳሱን በመዳፍ መሀል ሳይሆን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ባለው የጓንቱ መረብ መቀበል ነው። መዳፌ ማበጥ ያቆመው ከዚያ ወዲህ ነው።

ልጄ የሚወረውረው ከ14 ሜትር ነው። ለእድሜው የተወሰነው ርቀት ይኸው ነው። ትልልቆቹ ግን 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጉብታ ላይ ቆመው ከ18.44 ሜትር ይወረውራሉ። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የተወረወረ ኳስ መቺው ጋ ለመድረስ ግማሽ ሴኮንድ አይፈጅበትም። ይህን ያመንኩት የዋሽንግተኑ ቡድን ስታዲየም ናሽናልስ ፓርክ ሄደን በዓይናችን ስናይ ነው። ኳሱ ጓንት ውስጥ ሲገባ ጧ! ይላል፤ ድምፁ እኛ የተቀመጥንበት ድረስ ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሰኔ ላይ ልጄን ክርኑን አመመው።

የሆነው እንዲህ ነው። በሁለት ቡድን ነበር የሚጫወተው። ቅዳሜ ለአንዱ 58 ጊዜ ወረወረ። እሑድ ለሌላኛው 50 ጨመረበት። የመጀመሪያው አሰልጣኝ ስለ እሑዱ አያውቅም። ሁለተኛው ስለ ቅዳሜው አልጠየቀም። እኔም አልተናገርኩም፤ መናገር እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። ሰኞ ጠዋት ጥርሱን ሲቦርሽ እጁን ማጠፍ አቃተው።

የልጆች ቤዝቦል የሚመራበት የሊትል ሊግ ደንብ ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። 11 እና 12 ዓመት የሆነ ልጅ በቀን ከ85 ውርወራ ማለፍ አይችልም። ከ51 እስከ 65 ከወረወረ ሦስት ቀን ያርፋል፣ 66 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አራት ቀን። ልጄ ሦስት ቀን ማረፍ ሲገባው አንድ ሌሊት ነው ያደረው። ደንቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ልጁ ለሁለት ቡድን ሲጫወት ድምሩን የሚይዝ ሰው የለም። ያ ሰው ወላጅ ነው። ይህን የምጽፈው ከእናንተም ውስጥ ልጆቻቸው ሁለት ቡድን የገቡ ስላላችሁ ነው።

ሐኪሙ አይቶ ጅማቱ አልተጎዳም አለን። የተቆጣው አጥንቱ ገና የሚያድግበት ክፍል ነው። ስድስት ሳምንት ኳስ እንዳይነካ አዘዘ። ልጄ መኪና ውስጥ አለቀሰ። "እማዬ፣ ሌሎቹ ይቀድሙኛል" ነበር ያለኝ።

በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ሌላ ነገር አደረግን። ፒቸሮች በምን መንገድ አልፈው ከፍተኛው ሊግ፣ ሜጀር ሊግ፣ እንደሚገቡ ማታ ማታ አብረን ማንበብ ጀመርን። ይቀድሙኛል ያለውን ነገር በእውነተኛ ሰው ሕይወት ላይ ልናየው ፈልጌ ነው። ፒቸሩን ጄከብ ዲግሮምን የመረጠው ልጄ ነው። እኔ ስሙን እንኳ አልሰማሁም ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ዲግሮም የፍሎሪዳ ልጅ ነው። ስቴትሰን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ፒቸር አልነበረም። ሾርትስቶፕ ነበር፣ ማለትም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ቆሞ የሚከላከል ተጫዋች። ጉብታው ላይ ያወጡት ሦስተኛ ዓመቱ ላይ ሲደርስ ነው። እዚህ ጋ ልጄን አስቆምኩትና ደግሜ አነበብኩለት። በልጅነቱ ዓመቱን ሙሉ ሲወረውር ያደገ ሰው አይደለም።

በ2010 ድራፍት (ቡድኖች ተራ በተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን የሚመርጡበት) የኒውዮርኩ ቡድን ሜትስ በዘጠነኛው ዙር ወሰደው፤ በተራ ቁጥር 272ኛ ማለት ነው። ከእሱ በፊት 271 ሰው ተጠርቷል። ቡድኑ ወዲያው ወደ ማይነር ሊጉ (ከሜጀር ሊግ በታች ያሉት ሊጎች) ታችኛው እርከን ላከው። ጥቂት ጨዋታ እንደተጫወተ የክርኑ ጅማት ተበጠሰ።

ቶሚ ጆን የሚባለውን ቀዶ ጥገና አደረገ። ስሙ የመጣው ከመጀመሪያው ታካሚ ነው። በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከሌላ የሰውነት ክፍል ጅማት ወስዶ የቶሚ ጆንን ክርን ጠገነ። ከዚያ በፊት እንዲህ የተጎዳ ፒቸር ሥራው አበቃ ማለት ነበር። ቶሚ ጆን ግን ተመልሶ እስከ 1989 ተጫወተ። በሕይወቱ ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ናቸው። ይህን ቁጥር ልጄ ወረቀት ላይ ጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፎታል።

ዲግሮም የ2011ን ዓመት በሙሉ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት አሳለፈ። እኔን በጣም የያዘኝ ግን ያኔ ያደረገው ነው። እዚያው የሜትስ ማገገሚያ ውስጥ ታላቁ ፒቸር ዮሃን ሳንታና ነበር፣ እሱም ትከሻውን ታክሞ። ሳንታና የቼንጅአፕ አያያዙን አሳየው። ቼንጅአፕ እጅህን ልክ እንደ ፈጣኑ ኳስ ወርውረህ ኳሱ ግን ዘግይቶ የሚደርስበት ውርወራ ነው። መቺው ቀድሞ ይወነጭፋል። ዲግሮም መወርወር በማይችልበት ዓመት አንድ ውርወራ ተምሮ ወጣ።

ከዚያ በሜትስ ማይነር ሊግ ቡድኖች እርከኑን አንድ በአንድ ወጣ፦ ሳቫና፣ ሴንት ሉሲ፣ ቢንግሃምተን፣ ላስ ቬጋስ። ማይነር ሊግ ውስጥ ሕይወት ከባድ ነው። በ2023 ደሞዙ ተሻሽሎ እንኳ ሲንግል ኤ በሚባለው ዝቅ ያለ እርከን ያለ ተጫዋች የሚያገኘው በዓመት 26,200 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት የሜጀር ሊግ ዝቅተኛ ክፍያ 720,000 ነበር።

ሜይ 15 ቀን 2014 ዲግሮም በመጀመሪያው የሜጀር ሊግ ጨዋታው ኒውዮርክ ላይ ሌላውን የከተማውን ቡድን ያንኪስን ገጠመ። ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። ሰባት ኢኒንግ (ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች ሰባቱን) ወርውሮ አንድ ነጥብ ብቻ ተቆጠረበት። ቡድኑ ግን 1 ለ 0 ተሸነፈ፣ ሽንፈቱም በእሱ ስም ተመዘገበ። በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ። በ2018 ደግሞ በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ 1.70 ነጥብ ብቻ እየተቆጠረበት ለሊጉ ምርጥ ፒቸር የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ። ያሸነፈው ግን 10 ጨዋታ ብቻ ነው፣ 9 ተሸንፏል። ቡድኑ ነጥብ አያገባለትም ነበር። ልጄ በዚህ በጣም ተናደደ። ሽልማቱን በሚቀጥለውም ዓመት ደገመው። በ2023 ክርኑን ለሁለተኛ ጊዜ ቀዶ ጥገና አደረገና በሴፕቴምበር 2024 ተመለሰ።

ሌላ ፒቸር ፈልገን ደግሞ ማሪያኖ ሪቬራ ጋ ደረስን። ፓናማ ውስጥ የአሳ አጥማጅ ልጅ ነው። እሱም ሾርትስቶፕ ነበር! ያንኪስ በ1990 በጥቂት ሺህ ዶላር አስፈረሙት፣ በ1992 ክርኑን ቀዶ ጥገና አደረገ፣ በ1995 ሜጀር ሊግ ገባ። በ2019 በሙሉ ድምፅ ለቤዝቦል የክብር አዳራሽ የተመረጠ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። ልጄ ይህን ሲሰማ ሾርትስቶፕ መጫወት እፈልጋለሁ አለ። አሁን አንዳንዴ እዚያ ይቆማል፣ እጁም ያርፋል።

ነሐሴ ላይ ወደ ውርወራው ተመለስን፣ መጀመሪያ ቀን 15 ውርወራ ብቻ። አንድ ቡድን አስቀረን። የወሰነው እሱ ራሱ ነው። እኔ ደብተር ገዛሁ። ቀን፣ የውርወራ ብዛት፣ የዕረፍት ቀን፣ ክርን። "ክርን" በሚለው ሥር እሱ ራሱ ነው የሚጽፈው። እስካሁን "ደህና"፣ "ደህና"፣ አንድ ቀን ደግሞ "ትንሽ ደከመኝ" ይላል። ያን ቀን 12 ውርወራ ላይ አቆምን። ሲጀምር ካሥር ውርወራ አራቱን ነበር ስትራይክ (መቺው ሊመታው በሚችልበት ክልል የሚያልፍ ኳስ) የሚያደርገው፣ አሁን ስድስት ደርሷል። ፍጥነቱን አልለካሁም፤ ለጊዜው መለኪያውን ልገዛ አላሰብኩም። ከርቭቦልም (ታጥፎ የሚሄደውን ውርወራ) አላስጀመርኩትም። ፈጣኑንና ቼንጅአፑን ብቻ ነው የሚወረውረው።

ቼንጅአፑን መቅለብ ለእኔም አዲስ ትምህርት ሆኖብኛል። ፈጣኑን እየጠበቅኩ እጄን ቶሎ እዘጋለሁ፣ ኳሱም ጓንቱን ጫፍ መትቶ ይወድቃል። ዓይኔን ከእጁ ሳልነቅል መጠበቅ አለብኝ።

በዚህ እድሜ ያለ ልጅ በዓመት ቢያንስ አራት ወር ከውርወራ ማረፍ አለበት ይላሉ ባለሙያዎቹ። እኛም ትናንት የመጨረሻውን አደረግን፦ 32 ውርወራ፣ ክርን "ደህና"። ባልዲውን ጋራዥ አስገብቼዋለሁ። ክረምቱን ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። ሁለት ቡድን ያላችሁ፣ ድምሩን እንዴት እንደምትይዙ ጻፉልኝ። እኔ ማርች ላይ እመለሳለሁ።