ከቁስሉ የሚበልጥ ሕመም

የጭረት ሕመም በየቀኑ እየቀነሰ መሄድ አለበት። በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ብሶ ካደረ፣ በተለይም ለዚያች ትንሽ ቁስል አይገባትም የሚያሰኝ ከሆነ፣ ቆዳው ደህና መምሰሉ አያዘናጋችሁ። እንደ ስትሬፕቶኮከስ ያለ ባክቴሪያ ጡንቻን የሸፈነውን ስስ ሽፋን ካገኘ ሥጋውን እየገደለ ከቆዳ ሥር ወደ ጎን ይሮጣል፤ በሽታው ኔክሮታይዚንግ ፋሺያይቲስ ይባላል። ከላይ የሚታየው ምልክት ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

ቁስሉ ገና ትኩስ ሳለ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ ለ5 ደቂቃ ያህል እጠቡት፣ ዙሪያውን በሳሙና። ከዚያ በንጹሕ ፋሻ ሸፍኑት። ቁስሉ ቆሻሻ ነክቶት የመጨረሻው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት 5 ዓመት ካለፈው ድጋሚ መከተብ ያስፈልጋል።

አካባቢው ከቀላ የመቅላቱን ጠርዝ በእስክሪብቶ አክብቡና ሰዓቱን አጠገቡ ጻፉ። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላት ስለማይጎላ በእጃችሁ ጀርባ እየዳሰሳችሁ ሙቀቱ የሚያበቃበትን ፈልጉ። እብጠቱ በሰዓታት ውስጥ መስመሩን ጥሎ ከሄደ፣ ሲነካ እንደ እንጨት ከደረቀ፣ ውኃ ከቋጠረ፣ ከጠቆረ ወይም ትኩሳትና የልብ ትርታ መፍጠን ከተጨመረበት፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የስኳር ወይም የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ይህን ሁሉ ምልክት አይጠብቅ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ያ ሁሉ ሕመም ድንገት ጠፍቶ ቦታው ሲደነዝዝ ተሻለኝ ይላል። ነርቮቹ ስለሞቱ ነው። እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻም ሕመሙንና ትኩሳቱን ሊደብቅ ይችላል፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደወሰዳችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

በዚህ ደረጃ አንቲባዮቲክ ብቻውን አያድንም። የአካባቢው ትናንሽ የደም ሥሮች በረጋ ደም ስለሚደፈኑ መድኃኒቱ የሞተው ሥጋ ውስጥ አይገባም፤ ሥጋው በቀዶ ጥገና መወገድ አለበት። ክሊንዳማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ የሚጨመረው ባክቴሪያው መርዙን እንዳያመርት ለማገድ ነው። ሐኪሙ ከጠረጠረ የራጅ ውጤት እስኪመጣ ተብሎ ቀዶ ጥገናው አይዘገይም፤ በራጅ ላይ ሥጋው ውስጥ አየር አለመታየቱም በሽታው የለም ማለት አይደለም። በ24 ሰዓት አካባቢ ታማሚው እንደገና ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሲገባ ቤተሰብ ይደነግጣል። የመጀመሪያው ስላልተሳካ አይደለም፤ ጠርዙ ላይ አዲስ የሞተ ሥጋ መኖር አለመኖሩን ለማየት ከመነሻው የታቀደ ነው።