ከመጨረሻው ቁልፍ መጀመር

ከመደበኛው ሁለተኛ ክፍል ወደ ልዩ ፍላጎት ክፍል ስዛወር ባልደረቦቼ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ «ነፍስህን ታጸድቅበታለህ» አሉኝ፤ የቀሩት «አንተ እኮ ዐረፍክ!» አሉ። ለሁለቱም ወገን ክፍሉ የልጆች መዋያ ነበር።

የተረከብኳቸው ልጆች የአዕምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ናቸው። ለእያንዳንዳቸው የግል የትምህርት ዕቅድ ይወጣል። ዕቅዱ ላይ «ራሷን እንድትችል ማድረግ» ብሎ መጻፍ ምንም እንዳለመጻፍ ነው፤ ተሳክቶ አለመሳካቱን በምን ልወቀው? ስለዚህ ለአንዲት ተማሪዬ «የሹራቧን አምስት ቁልፎች ማንም ሳያግዛት ትቆልፋለች» ብዬ ጻፍኩ።

ቁልፍ መቆለፍ ለእኛ አንድ ሥራ ነው። ዘርዝሬ ሳየው ግን የቀዳዳውን ጠርዝ በአንድ እጅ መያዝ፣ ቁልፉን በሌላው መቆንጠጥ፣ ማስገባት፣ ወዲያ ማዶ ብቅ ያለውን መያዝ፣ ከዚያ መሳብ አለበት። ከመጀመሪያው ብነሣ ልጅቷ መሐል ላይ ትሰለቻለች፣ እኔ እጨርስላታለሁ፤ የምትማረውም መምህሯ እንደሚደርስላት ብቻ ይሆናል። በሥልጠና የተማርኩት ዘዴ ከመጨረሻው ይጀምራል። ቁልፉን እስከ ግማሽ አወጣሁላትና እጄን አነሣሁ። ሳበችው፤ ተቆለፈ። እርሱን ስትለምድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሰን ብቅ ያለውን መያዝም የእርሷ ድርሻ ሆነ። በየዙሩ ሥራውን የምትጨርሰው እርሷ ናት።

እጅን ማንሣት ራሱ ሙያ ነው። መጀመሪያ እጄ እጇ ላይ ያርፋል፤ ቀጥሎ አንጓዋን፣ ቀጥሎ ክርኗን ነካ አደርጋለሁ፤ ከዚያ በጣት መጠቆም፣ በመጨረሻ ዝም ብሎ መጠበቅ። የከበደኝ መጠበቁ ነበር። ልጅ ሲቸገር እያዩ እጅን አጣምሮ መቀመጥ ካደግንበት ወግ ጋር አይሄድም። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ በበሩ አጮልቀው «ኧረ መምህር፣ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!» ብለውኛል።

እናቷ በማለዳ ሦስት ልጆች አልብሰው ወደ ሥራ የሚሮጡ ሴት ናቸው። «መምህር፣ ጊዜው ከየት ይምጣ?» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ተደራደርን፤ አራቱን ቁልፎች እርሳቸው ይቆልፋሉ፣ አጎንብሳ በደንብ የምታየው የታችኛው ለልጅቷ ይቀራል። ቤት ያልተደገመ ትምህርት ክፍል ውስጥ ይቀራል።

ለገንዘብ ትምህርት የሳንቲም ሥዕል አልጠቀምም። ብዙዎቹ ልጆች በሥዕል ያወቁትን በእጃቸው ካለው ሳንቲም ጋር ማገናኘት ይቸግራቸዋል። እውነተኛ ብር ይዘን በር ላይ ወዳለው ሱቅ እንወጣለን። ባለሱቁ ደግ ሰው ነው፤ ችግሩም እርሱ ነበር። ከረሜላውን በነጻ እያደለ ትምህርቴን ያፈርሰዋል! ሒሳቡን እንዲቀበል፣ መልሱንም ቆጥሮ እንዲሰጥ ማግባባት ልጆቹን ከማስተማር በላይ ጊዜ ወስዷል።

የልዩ ክፍሉ ዓላማ ልጆቹን እዚያው ማስቀረት አይደለም። ያችን ተማሪ ለሥዕል ክፍለ ጊዜ ወደ ሁለተኛ ክፍል ላስገባት ስጠይቅ የክፍሉ መምህር «ተማሪው ሞልቷል፤ ደግሞም ትረብሻለች» አለኝ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ላይ ማንም በጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላዩ የትምህርት ሥርዓት እንዳይገለል ይደነግጋል። አንቀጹን ይዤ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ መግባት እችል ነበር። ነገር ግን ተገድዶ የተቀበላት መምህር ከኋላ ወንበር አስቀምጦ ይረሳታል ብዬ ፈራሁ። በዚያ ፈንታ አብሬያት እንደምገባ ነገርኩት። መጀመሪያ ከጎኗ፣ ቀጥሎ ከክፍሉ ጀርባ፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

አሁን የምቆየው በራሴ ክፍል ነው። ከተቸገረ እንዲያስጠራኝ ተስማምተናል። እስካሁን ያስጠራኝ ቀለም ሲያልቅበት ብቻ ነው።