«ያው ነው» የተባልኩት ሽቦ
ኤሌክትሪክ ጊታሬ ላይ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩ የሽቦ ጥቅልሎች፣ ፒካፖች፣ አሉ። ብሪጁ (ክሮቹ የሚታሰሩበት ጫፍ) አጠገብ ያለው ተቃውሞው 7 ኪሎ ኦም፣ ኔኩ (አንገቱ) አጠገብ ያለው 6.1። ቁጥሩን ያየ ሁሉ ብሪጁ ይበልጥ ይጮሃል ይላል። የእኔ ግን ያንሾካሽክ ነበር። ለምን እንደሆነ እስኪገባኝ ድረስ ሁለት ወር ፈጀ። የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ቢኖር ሻይ እየጠጣን የሚያስረዳኝ ነገር ነበር። አልነበረም።

ጊታሬ የስትራቶካስተር፣ ያ ባለ ሦስት ፒካፕ ጊታር፣ ርካሽ አምሳያ ናት። አብረዋት የመጡት ፒካፖች ከሥራቸው የሴራሚክ ማግኔት የተለጠፈባቸው፣ ድምፃቸው እንደ ቆርቆሮ የሚጮህ ናቸው። ሠርግ ላይ ኪቦርዱ ይውጠኛል፤ ዘፈን ባለቀ ቁጥር ደግሞ የመብራቱ 50 ኸርዝ «ህምምም» እያለ ለብቻው ይቀራል። አዲስ ከመግዛት ራሴ ልጠምጥም አልኩ። ሥራው በወሬ ደረጃ ቀላል ነው፦ ስድስት የማግኔት ዘንግ፣ ዙሪያውን ስምንት ሺህ ዙር ያህል ቀጭን የመዳብ ሽቦ።

ማግኔቶቹንና ባለ 0.063 ሚሊሜትር ሽቦውን ሜሪላንድ ያለው የአጎቴ ልጅ በሻንጣ ይዞልኝ መጣ። ማግኔቶቹ አልኒኮ 5 (የአሉሚኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ) ናቸው። ቁመታቸው እኩል የሆነውን አምጣልኝ ብዬው ነበር፤ ሦስተኛውን ዘንግ ከፍ የሚያደርገው የድሮው አሠራር የታሰበው ያኔ ለነበረው፣ ላዩ ላይ ሽቦ ለተጠመጠመበት የጂ (ሦስተኛው) ክር ነው፣ በዛሬው ባዶ ክር ላይ ጂን ብቻዋን ያስጮሃታል። ለአንድ ፒካፕ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሽቦ ይገባል፤ ክብደቱ ግን 30 ግራም ገደማ ነው። ሳይበጠስ መጠምጠም ምን እንደሚመስል ከዚህ ገምቱ።

መጠምጠሚያዬ የእናቴ ሲንገር ነው፣ በእግር የሚረገጠው። መብራት ሲሄድ ሥራ አይቆምም። እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ «ስንት ቀሚስ የሰፋ ማሽን፣ አሁን ደግሞ ፀጉር ልትሰፋበት ነው?» አለችኝ። ለቆጠራ ካልኩሌተር ተጠቀምኩ፦ ማግኔት ሲጠጋው የሚገናኝ ትንሽ ስዊች የእኩል ይሆናል ቁልፉ ላይ በየድኩ፣ ሽክርክሪቱ ላይ ማግኔት ለጠፍኩ፣ 1 ሲደመር 1 ብዬ ጀመርኩ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ዙር አንድ ይጨምራል። ብልጠቴን ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። ችግሩ ፔዳሉን ስፈጥን ካልኩሌተሩ አይደርስበትም፤ ሦስት ዙር ሲያልፍ አንድ ይላል። ይህን ያወቅኩት ቁጥሩ ገና ግማሽ ሳይደርስ ቦቢኑ (የፒካፑ ሽቦ የሚጠመጠምበት አካል) ሞልቶ ሊፈስ ሲል ነው።

ቀስ ማለት ነበረብኝ፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን ቆጣሪው ዋሸኝ ብዬ ወደ ባሰ ውሸታም ሄድኩ፤ የሽቦውን ተቃውሞ የሚለካው መልቲሜትር። ኢንተርኔት ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚናገረው በኪሎ ኦም ነው፤ «ኔክ 6፣ ብሪጅ 7» ይላሉ። እንግዲያስ መቁጠር ለምን?

ኔኩ ወጣ፣ 6.1። ሚድሉን (የመሃሉን ፒካፕ) በተቃራኒ አቅጣጫ ጠመጠምኩት፤ ከሌላ ፒካፕ ጋር ሲጣመር ያንን «ህምምም» እንዲያጠፋ ነው። ማግኔቱም አብሮ መገልበጥ እንዳለበት ረስቼ ድምፁ እንደ ትንኝ ቀጠነ። ከተጠመጠመ በኋላ ዘንጎቹን ገፍቼ ላውጣ ብል ሽቦው ይቆረጣል። ከሞተ ሃርድ ዲስክ ባወጣኋቸው ሁለት ማግኔቶች መሃል ደጋግሜ አሳልፌው ዋልታው ተገለበጠ። በዚህስ እኮራለሁ።

እዚህ ላይ ሽቦ አለቀብኝ። አምስት ቦቢን አበላሽቼ ነበር፤ አብዛኛው የተበጠሰው መነሻው ላይ፣ ልጀምር ስል። ሞተር የሚጠመጥሙ ሰዎች ጋ ሄድኩ። 0.063 ስላቸው ተያይተው ሳቁ፤ የእነሱ ሽቦ ከዚህ ጋር ሲተያይ ገመድ ነው። መርካቶ ውስጥ አንድ አዛውንት ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ላኩኝ። ሰውዬው ከመደርደሪያ ሥር አቧራ የለበሰ ጥቅል አወጡ። ወረቀት የለውም።

«ጋሼ፣ ስንት ሚሊ ነው?»

«ያው ነው ልጄ። ቀጭን ነው።»

ካመጣሁት ቁራጭ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ በብርሃን አየሁት። ያው ነው። 0.063ን ከ0.056 በዓይኔ እለያለሁ የሚል ሰው ካለ እጁን ልሳመው።

በዚያ ሽቦ ብሪጁን እስከ 7 ኪሎ ኦም ጠመጠምኩት። ከዚያ ሰም ውስጥ ነከርኩት፤ አራት እጅ ሻማ፣ አንድ እጅ የንብ ሰም፣ ብረት ድስቱ በፈላ ውኃ ድስት ላይ ተቀምጦ፣ 65 ዲግሪ አካባቢ። ፒካፑ ውስጥ አየር ከቀረ አምፕሊፋየሩ ሲጮህ አብሮ ያፏጫል። እሳቱ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት፣ ሰም ይነዳል። እንዳወጣሁት ገና ትኩስ ሳለ ብለካው 8.2! አቃጠልኩት ብዬ ራት ሳልበላ ተኛሁ። ጠዋት 7 ሆኖ አገኘሁት። መዳብ በየአንድ ዲግሪው 0.4 በመቶ ያህል ተቃውሞው ይጨምራል፤ ትኩሱ 8.2፣ ቀዝቃዛው 7፣ ፒካፑ ያው። እዚያ ላይ መንቃት ነበረብኝ። ይህ ቁጥር ስለ ድምፅ ምንም እንዳልነገረኝ ዓይኔ እያየ አለፍኩት።

ገጠምኩ፣ ሞከርኩ፣ ብሪጁ ደከመ። ወደ ክሮቹ አስጠጋሁት። የማግኔቱ ጉልበት ክሩን እየሳበ ወፍራሟ የኢ ክር ከ12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች) በላይ እንደ ሁለት ክር መንቀጥቀጥ ጀመረች። መለስኩት። ፖታሹን (የድምፅ መቆጣጠሪያውን) ቀየርኩ። ካፓሲተሩን ቀየርኩ። ጃኩን (የገመዱን መሰኪያ) ወቀስኩ፣ እንደገና በየድኩ። የባንዳችን ባስ ተጫዋች «ጆሮህ ነው» አለኝ፤ ሳምንት አላናገርኩትም። ማግኔቶቹ አርጅተው ይሆናል ብዬ ለአጎቴ ልጅ የተቆጣ መልእክት ጻፍኩለት። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

መጨረሻ ላይ የጎረቤታችን ልጅ ከሚሠራበት ቶርኖ ቤት ማይክሮሜትር (ውፍረት መለኪያ) ለመንኩ። ከሁለቱም ሽቦ ቁራጭ ወስጄ ቫርኒሹን በላይተር አቃጥዬ ጠረግኩ። አንዱ 0.063፣ አንዱ 0.056።

ሒሳቡን እዚያው ካርቶን ላይ ሠራሁት። 0.063 በሜትር 5.4 ኦም ገደማ ነው፣ 0.056 ደግሞ 7 ገደማ። ስለዚህ «ኃይለኛው» ብሪጄ ውስጥ ያለው ሽቦ አንድ ሺህ ሜትር ነው፤ «ደካማው» ኔክ ውስጥ ከ1,100 ሜትር በላይ። ብሪጁ ዙሩ ከኔኩ ያነሰ ነው! ክሩ ደግሞ ብሪጅ አጠገብ የሚርገበገበው ጥቂት ነው፤ ዙር መጨመር የነበረበት እዚያ ነበር። ቮልቴጅ የሚያመጣው ዙሩና ማግኔቱ ነው። ኪሎ ኦም የሚጠቅመው አንድ ዓይነት ሽቦ፣ አንድ ዓይነት ሙቀት ሲሆን ብቻ፣ እሱም የተበጠሰ እንዳለ ለማየት።

ጋሼ ጋ ተመልሼ ማይክሮሜትሩን አሳየኋቸው። ሳቁብኝ። «እኔ ሽቦ ሸጥኩልህ እንጂ ቁጥር መች ሸጥኩልህ?» እውነታቸውን ነው፤ ያናደደኝም እውነታቸው ነው።

ለፋሲካ አዲስ ጥቅል መጣልኝ። በሰከንድ ከአምስት ዙር ሳላልፍ፣ ካልኩሌተሩን እያየሁ፣ 8,600 ዙር ጠመጠምኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ነው የፈጀው፤ ለግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ሁለት ወር ከፈልኩ።

የፒካፖቹን ድምፅ ስታመጣጥኑ የጊታር ፋብሪካዎች የሚሰጡትን የፒካፕና የክር ርቀት፣ በወፍራሙ ክር በኩል 2 ሚሊ፣ በቀጭኑ 1.6፣ አትጀምሩበት። እሱ የእነሱ ፒካፕ ነው። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭናችሁ መጀመሪያ ብሪጁን አስተካክሉ፤ ክሩ ሳይንቀጠቀጥ እስከሚችለው ድረስ ቅረቡ። ከዚያ ሌሎቹን ወደ ታች አውርዱ። እኔ እያንዳንዱን ክር ለየፒካፑ አሥር አሥር ጊዜ በአንድ ፒክ፣ አንድ ቦታ ላይ እየመታሁ ላፕቶፕ ላይ ቀዳሁ፤ የድምፃቸው ጉልበት ልዩነት ከ1 ዴሲቤል በታች እስኪወርድ ድረስ ብሎኑን በሩብ ዙር ፈታሁ። ኔኩ 3 ሚሊ ደረሰ፤ በፋብሪካ ቁጥር ስህተት ነው፣ በጆሮ ግን ልክ።

አዲሱ ብሪጅ ሲለካ 6.6 ይላል፤ ከአሮጌው 7 ያነሰ ነው፣ ባለፈው ሠርግ ላይ ግን «ቀንስልን» የተባልኩት ኪቦርዱ ሳይሆን እኔ ነኝ። አሮጌው መሳቢያ ውስጥ አለ። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ያው ነው» ብዬ ጽፌበታለሁ።