ስታንድ ላይ ደህና የነበረው ሳይክል

ዴንቨር አካባቢ ሳይክል ቤት ውስጥ ሜካኒክ ነኝ። እዚህ ኮሎራዶ በረዶው ቀለጥ ማለት ሲጀምር ሰው ሁሉ ጋራዡን ከፍቶ አቧራ የጠጣ ሳይክሉን እየጎተተ ይመጣል፣ ጥያቄውም ያው ነው፣ "ይሄን አፕግሬድ ብናረገውስ?" ሾኩ ፊት ብቻ ለሆነ ሳይክል መልሱ ቀላል ነው፣ ካቴናው፣ ካሴቱ (ኋላ የተደረደሩት ጥርሶች)፣ ፍሬኑ ምናምን ተቀይሮ ይሄዳል በቃ። ኋላውም የሚተጣጠፍ ከሆነ ግን፣ ያው ፉል ሰስፔንሽን የምንለው ማለት ነው፣ ስራው ይከብዳል፣ ምክንያቱም ሰው ተቀምጦበት ጉድጓድ ሲገባ የሳይክሉ ልክ ራሱ ይቀየራል፣ አንተ ደሞ የምትሰራው ሰው ሳይኖርበት፣ ስታንድ (ሳይክል የሚሰቀልበት ማቆሚያ) ላይ ቆሞ ነው።

ባለፈው ፋሲካ ሰሞን የሆነውን ላውራችሁ። አሮጌ ፉል ሰስፔንሽን ያላችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ብታነቡት አይጎዳም።

አንድ ጋሼ የምላቸው አበሻ ሰውዬ አሉ፣ ኦሮራ ነው የሚኖሩት፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ጨዋታ አዋቂ። ሳይክሉን ከመኪናቸው እያወረዱ "አንተ ልጅ፣ እስቲ ና ይሄን እየው" አሉኝ። የ2008 ፍሬም ነው፣ ጎማው 26 ኢንች፣ ኋላው 120 ሚሊ ሜትር የሚሰምጥ፣ ፊት 3 ኋላ 9 ማርሽ፣ መሪው ደሞ ጠባብ፣ የዛን ጊዜ ፋሽን። አብሮ አንድ ትልቅ ካርቶን አለ። ዩቲዩብ ሲያዩ ከርመው ዕቃውን ሁሉ ኦንላይን አዘዋል፦ ዲዮር የሚባለው የሺማኖ 11 ማርሽ ሙሉ ከነካሴቱ (ትንሹ 11፣ ትልቁ 51 ጥርስ)፣ ፊት የሚገባ 32 ጥርስ፣ 780 ሚሊ የሚሰፋ መሪ፣ ድሮፐር ማለት በአውራ ጣት ተጭነህ ኮርቻውን ዝቅ የምታረግበት፣ እና 140 ሚሊ የሚሰምጥ አዲስ ፎርክ፣ ማለት የፊት ጎማውን የሚይዘው ሾክ ያለው ሹካ።

"ጋሼ፣ በዚህ ብር እኮ የ2017 ወይ የ2018 ጥሩ ያገለገለ ሳይክል ይገኝ ነበር፣ ድሮፐሩም ምኑም አብሮት" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። የልጄ ነው፣ ሲያትል ሲሄድ ትቶት የሄደው። ሌላ አልፈልግም።"

እሺ፣ ከዚህ በኋላ ስለ ብር ማውራት አቆምኩ። ሰው ሳይክል የሚወድበት ምክንያት የራሱ ነው፣ የኛ ስራ እንዲሰራ ማረግ ነው።

ፎርኩን ወዲያው መለስኩት። የዛ ዘመን ፍሬም አብዛኛው መሪው የሚገባበት ቱቦ ጠባብ ነው፣ ላይም ታችም 28.6 ሚሊ የሆነ ቀጥ ያለ ፎርክ ነው የሚቀበለው፣ አዲሶቹ ፎርኮች ደሞ ከታች አንድ ተኩል ኢንች ድረስ ወፈር ይላሉ። ቱቦው 44 ሚሊ ቢሆን ኖሮ ከስር ወጣ ያለ ካፕ ገብቶለት ይሆን ነበር፣ የሳቸው ግን 34 ነው፣ ስለዚ በምንም አይገባም። ቢገባ እንኳን ፊቱ ከአሮጌው 20 ሚሊ ከፍ ሲል የመሪው አንግል ወደ አንድ ዲግሪ ይተኛል፣ ፔዳሉም ከፍ ይላል፣ ዳገት ላይ ፊቱ መንሳፈፍ ይጀምራል። 27.5 ጎማስ አሉኝ። አይሆንም፣ የቸርኬው ዲያሜትር ከ559 ወደ 584 ሚሊ ነው የሚሄደው፣ ኋላው ሲሰምጥ ጎማው ፍሬሙን ይልሳል።

አንድ ነገር ግን ቀንቷቸዋል። 12 ማርሽ ዲዮር ቢያዙ ኖሮ ካሴቱ ማይክሮ ስፕላይን የሚባለውን አዲሱን ሃብ (ካሴቱ የሚገባበት የቸርኬው መሃል) ይፈልጋል፣ ማለትም ሌላ የኋላ ቸርኬ መግዛት ነበረባቸው። 11 ማርሹ አሮጌው ሃብ ላይ ሰተት ብሎ ይገባል። ከዘጠኝ ማርሽ ተነስታችሁ ማሻሻል ለምትፈልጉ እዚች ጋ ቆም በሉ፣ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው።

አሁን ዋናው። ደምበኛ ሁሉ ማርሽ ማርሽ ይላል፣ እኔ ግን እንዲህ ያለ ሳይክል ሲመጣ መጀመሪያ የኋላውን ሾክ ቡሎኑን ፈትቼ አወጣና የኋላውን ክንድ (የኋላ ቸርኬውን ይዞ የሚተጣጠፈውን የፍሬም ክፍል) በእጄ ከፍ አርጌ እለቀዋለሁ። ጤነኛ ከሆነ በራሱ ክብደት ዝም ብሎ ይወርዳል። የጋሼ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ተንጠልጥሎ ቀረ። ገፋ ሳረገው ክርክርክር የሚል ነገር በእጄ ተሰማኝ፣ ቡሎኖቹን ፈትቼ የኩሽኔታውን ሽፋን በመርፌ ገለጥ ሳረግ ውስጡ ግራሶ የሚባል ነገር የለም፣ ቀይ የዝገት ዱቄት ነው፣ ኳሶቹ ባሉበት ተጣብቀዋል። እንግዲህ ይሄ ሳይክል ስንት ዓመት ሙሉ ኋላው ሾክ ያለው መስሎ ሲሄድ የነበረው ለስሙ ነው። ኩሽኔታው ስታንዳርድ ነው፣ ቁጥሩ ጠርዙ ላይ ተጽፏል፣ ቁጥሩን ይዛችሁ የትም የኩሽኔታ ሱቅ ብትሄዱ በርካሽ ይገኛል፣ ልዩ የሳይክል ዕቃ ነው ብሎ እጥፍ የሚያስከፍላችሁ ካለ እንዳትሰሙት።

ስምንቱንም ኩሽኔታ ቀየርኳቸው፣ ሾኩንም ከፍቼ ላስቲኮቹን (ሲል የሚባሉትን) ለወጥኩ። ክንዱ አሁን ስትለቀው ዱብ። የማርሹ ስራ ነው የቀረው፣ ቅዳሜና እሁድ ደሞ ፋሲካ ስለሆነ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ወረቀቱ ላይ የቀረውን ጽፌ ለስራ ባልደረባዬ አስረክቤ ሄድኩ። ልጁ ጎበዝ ነው በሐቅ፣ እጁ ፈጣን ነው፣ የመጣው ግን ከአስፋልት ሳይክል ነው። ጋሼም ከቤተ ክርስቲያን በፊት ብለው ቅዳሜ ከሰዓት መጥተው ወስደውታል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሳይክሉን በሁለት እጅ ተሸክመው ሲገቡ አየኋቸው፣ ማለት እየተገፋ አይሄድም። ዲሬይለሩ (ኋላ ያለችው ማርሽ ቀያሪ) ተገንጥላ ቸርኬው ውስጥ ገብታለች፣ ሃንገሩ (ዲሬይለሯ የምትታሰርባት ትንሽዬ አሉሚኒየም) ለሁለት ተሰብሯል፣ የቸርኬው ሽቦዎች የተወሰኑት ተቆርጠው ተንጠልጥለዋል።

"ጋሼ ተረፉ? ምን ሆነው ነው?"

"እኔ ደህና ነኝ፣ ክርኔን ትንሽ ነው። ሌክዉድ ግሪን ማውንቴን ወጥቼ፣ ዳገቱን በትልቁ ማርሽ፣ ያው በቀላሉ ማለቴ ነው፣ ጨርሼ ትንሽ ቁልቁል እንዳልኩ ጎርፍ የቦረቦረው ነገር ውስጥ ገባሁ። ቀጭ አለና ቆመ። ማርሽ ለመቀየር እጄን እንኳን አላነሳሁም።"

ማናጀሩ መጣ። የሱ መልስ ዝግጁ ነበር፣ አሮጌ ፍሬም ላይ አዲስ ዕቃ ሲሰቀል ይሄ ያጋጥማል፣ ዕቃውንም ያመጡት ራሳቸው ናቸው ስለዚ ዋስትና የለውም። ባልደረባዬ ደሞ ስታንድ ላይ ሁሉንም ማርሽ ሞክሬዋለሁ ፐርፌክት ነበር፣ ምናልባት ድንጋይ መቶት ይሆናል አለ። እውነቱን ነው፣ ስታንድ ላይ ፐርፌክት ነበር። እኔ ግን "በትልቁ ማርሽ" እና "ቦረቦረው" የሚሉትን ሁለቱን ስሰማ ነገሩ ገብቶኛል፣ ግን ክርክር ውስጥ ከመግባት ማሳየት ይሻላል ብዬ ሳይክሉን ሰቀልኩት።

ካቴናው አልተበጠሰም ነበር። ዲሬይለሩን ሙሉ በሙሉ አውጥቼ ካቴናውን በቀጥታ ፊት 32ቱ ላይ፣ ኋላ 51ዱ ላይ ጠምጥሜ ገጠምኩት። ትንሽ ላላ ብሎ ተንጠለጠለ፣ ልጁም "አየህ፣ ይደርሳል" አለኝ። የተለመደው አለካክ ነው፣ ትልቁን በትልቁ ትጠመጥምና 2 ሊንክ ትጨምራለህ፣ እሱም እንደዛ ነው ያረገው። ከዛ የሾኩን አየር ፉሽሽሽ አርጌ ለቀቅኩና የኋላውን ክንድ በቀበቶ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ ሳብኩት። ካቴናው እየጠበቀ እየጠበቀ ሄደ፣ ሾኩ መጨረሻው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው እንደ ክራር ጅማት ተወጠረና ክንዱ እምቢ አለ። ባልደረባዬ ራሱ መጥቶ በጣቱ ነካው። እንግዲህ ይሄ ዲሬይለር ሳይኖር ነው፣ ዲሬይለሯ ደሞ ካቴናውን በኤስ ቅርጽ አዙራ ስለምታሳልፈው ለራሷም ርዝመት ትፈልጋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኋላው ክንድ ሲነሳ አክስሉ ወደ ላይ ብቻ አይሄድም፣ ብዙዎቹ ፍሬሞች ላይ ትንሽ ወደ ኋላም ይሸሻል። ሲሰሩት ሆን ተብሎ ነው፣ ፔዳል ስትመታ ካቴናው ኋላውን ይይዘውና ሳይክሉ እንደ ሶፋ አይሰምጥም። በሜትር ለካነው፣ ከፔዳሉ መሃል እስከ ኋላ አክስል አየር ሞልቶ 425 ሚሊ፣ ተጨምቆ 440። 15 ሚሊ ምንም አይመስልም አይደል? ካቴና ግን ከላይም ከታችም ነው የሚያልፈው፣ ስለዚ ወደ 30 ሚሊ ይፈልጋል። አንድ ሊንክ ግማሽ ኢንች ማለትም 12.7 ነው፣ ሁለቱ 25.4። የጨመረው ሁለት ሊንክ ሙሉ በሙሉ ተበልቶ ጎደለ ማለት ነው፣ የጎደለውን የከፈለችው ዲሬይለሯ ናት። አስፋልት ሳይክል ላይ ይሄ ርቀት መቼም አይቀየርም፣ ስለዚ ልጁ በህይወቱ አስቦት አያውቅም፣ አልፈርድበትም።

ሌላም ነገር ተደርቦ ነበር። ሾኩን ስመልሰው ያስገባሁት አየር ለሙከራ ያህል ነው፣ ወረቀቱ ላይም "ደምበኛው ሲመጣ በክብደቱ ይስተካከል" ይላል። ቅዳሜ ሰው ስለበዛ ዘለሉት። ጋሼ ደሞ ቀላል ሰው አይደሉም። ሳይክሉ ላይ ቁጭ ሲሉ ሾኩ ራሱ ከሚጨመቅበት 50 ሚሊ ውስጥ 12 እስከ 15 ቢሰምጥ ነው ልኩ፣ የሳቸው ግማሹን ሄዷል፣ ስለዚ ትንሿ ጉድጓድ ራሷ መጨረሻው ድረስ ታወርደዋለች።

ማናጀሩ እጁን አጣጥፎ ሲያይ ቆይቶ "ሱቁ ይከፍላል" አለ። በቃ ይሄን ነው ያለው። ዲሬይለር፣ ሽቦ፣ የጉልበት ዋጋ ሁሉም በሱቁ ሆነ። ጋሼ እኔን ወደ ጎን ጠርተው "ልጁን እንዳይቆጣው ንገረው፣ የኔ ልጅ እኩያ ነው" አሉኝ፣ እኔም በእንግሊዝኛ አስተካክዬ ነገርኩት፣ ማናጀሩ ግን መጀመሪያም የመቆጣት ሀሳብ አልነበረውም።

ክንዱ እንደታሰረ እያለ ሌላም አየን። ፍሬሙ አሮጌ ስለሆነ የድሮፐሩ ኬብል በውጭ ነው የሚሄደው፣ ኮርቻው ዝቅ ሲል ኬብሉ ወደ ኋላ ሆዱን ይነፋና ጎማው ላይ ሊያርፍ ነው። የኋላው ፍሬን ቱቦም ክንዱ ሲነሳ በጣም ጠብቆ ነበር። ሁለቱንም ሳይክሉ ቆሞ ብታየው ዓመት አታገኘውም። ኬብሉን በሌላ በኩል አዙረን አሰርነው፣ የፍሬኑን ቱቦ ትንሽ ላላ አረግነው፣ ካቴናውን ደሞ ሾኩ ባዶ ሆኖ ሙሉ በሙሉ እንደተጨመቀ እንደገና ለካነው። ረዘም ሲል በትንሹ ማርሽ ላይ ይንጠለጠል ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ፊት አንድ ጥርስ ብቻ ስለሆነ ረጅሟ ዲሬይለር በደንብ ሰበሰበችው።

ያስቸገረን ሃንገሩ ነው። ፍሬም ባለው ቁጥር ቅርጹ ይለያያል፣ ለ2008 ፍሬም ደሞ የሚይዘው ሱቅ የለም። የተሰበሩትን ሁለት ቁራጮች ወረቀት ላይ ገጥሜ በእርሳስ ዙሪያውን አሰመርኩ፣ የቡሎኑን ቀዳዳ ርቀት ለካሁ፣ ሃንገር ብቻ የሚሸጡ ሰዎች ካታሎግ ላይ እያመሳሰልኩ በመጨረሻ አገኘሁት። ሁለት አዘዝኩ፣ አንዱ ጋሼ ቦርሳ ውስጥ ነው ያለው። አሮጌ ሳይክል አፕግሬድ ልታረጉ ከሆነ ከማርሹ በፊት ሃንገሩ እና የሾኩ መጠን አሁንም ገበያ ላይ መኖሩን እዩ። አሮጌዎቹ ሾኮች በኢንች ናቸው፣ ከ2016 ወዲህ የመጣው የሜትሪክ ልክ ደሞ ሌላ ነው፣ የሚያምር ሾክ በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ ገዝታችሁ ቀዳዳው ላይገጥም ይችላል። ፍሬሙ ብየዳው ጋ ጸጉር የምታክል ስንጥቅ ካላት ደሞ ሁሉንም እርሱት፣ አንድ ብር አታውጡበት።

የጋሼ ሳይክል አሁን ደህና ነው። የሚገርመው ስለ 11 ማርሹ አንድ ቀን ሲያወሩ አልሰማኋቸውም፣ ደስ ያላቸው ሰፊው መሪ እና ኋላው መስራቱ ነው። "ለካ ይሄ ነገር ይተነፍሳል" አሉኝ። እኔን ብትጠይቁኝ በዚህ ቅደም ተከተል ነው ብር የማወጣው፦ ኩሽኔታና የሾክ ሰርቪስ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ መሪ፣ ከዛ ነው ማርሽ። ፎርክ በስተመጨረሻ፣ እሱም አሮጌው ተጭሮ ዘይት የሚያፈስ ከሆነ።

ሱቃችን ውስጥ ደሞ ኋላው ሾክ ያለው ሳይክል በተሰራ ቁጥር አየሩ ተለቆ ተጨምቆ ካልታየ አይወጣም፣ ወረቀቱ ላይ አንድ ሳጥን ተጨምሯል፣ የሚሞላውም ያ ባልደረባዬ ነው፣ የኔንም ስራ ሳይቀር እየፈተሸ ያሰለቸኛል። ጋሼ የፎርኩ ነገር አልወጣላቸውም። በየሳምንቱ ያገለገለ ፎርክ ፎቶ ይልኩልኛል፣ እኔ ደሞ "ጋሼ፣ ከታች ወፈር ይላል፣ ይለፈን" ብዬ እመልሳለሁ። ባለፈው የላኩት ግን ቀጥ ያለ ነው፣ 26፣ 120 ሚሊ፣ እግሮቹም ያልተጫሩ ይመስላሉ፣ ሻጩ ፎርት ኮሊንስ ነው፣ እሁድ ሄደን ልናየው ነው።